የምልክት ሰጪው ልጅ

እዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሁሉ ኩራተኞች ናቸው። ልጅቷም ኩሩ፣ አባቷም ኩሩ፣ የምትወደው ልጅም ኩሩ፤ የልጁ እናትማ አይነሳ! ከሁሉም የባሰችው ግን ድንኪቱ ነበረች።

ድንኪቱ ሰው አይደለችም። በጦር መጋዘን ግቢ ውስጥ ፉርጎ ስትገፋና ስትጎትት ዕድሜዋን የጨረሰች፣ በናፍጣ የምትሠራ አጭር ባቡር ናት። እንደ ትልልቆቹ ባቡሮች አገር ለአገር ዞራ አታውቅም። ከመጋዘን ወደ መጫኛ፣ ከመጫኛ ወደ መጋዘን፣ መሄድ መመለስ ብቻ። ግን የጫነችው ጥይትና ቦምብ ነው። ያንን ሁሉ ፉርጎ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ስታመላልስ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ለሙዚየም ተሰጠች። ሙዚየሙም ጥግ አስይዞ ለዓመታት ዝገት ሲያስበላት ቆየ። በኋላ ግን አንድ ሰው ነቃና በገዛ ሞተሯ ትንቀሳቀስ ተባለ። ሞተሯ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። የጥንት የወታደር አረንጓዴዋን ተቀባች። እነሆ ዛሬ በሕዝብ ፊት ልትሄድ ነው፤ ከዛሬ ጧት ጀምሮም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ እንግዳ ትጠብቃለች።

ልጅቷ በያጅ ናት። የድንኪቱን የበሰበሰ ወለል ቆርጣ አውጥታ አዲስ ላሜራ የበየደችው እሷ ናት። የእጇ ጀርባ በብየዳ ብልጭታ ተነቁጧል፤ ሴቶች ሲያዩት ያዝኑላታል፣ እሷ ግን እጇን ሳትደብቅ ትጨብጣቸዋለች። በዚያ ጧት አዲስ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ የጋቢናውን መወጣጫ ብረት በጨርቅ ትወለውል ነበር። ብረቱ ከጸዳ ቆይቷል። እጇን ሥራ ካላስያዘችው ሆዷ ሊፈነዳ ስለሆነ ነው እንጂ።

ሆዷን የነፋው አንድ ምሳ ነው።

የምትወደው ልጅ የሙዚየሙ መሐንዲስ ነው፤ የዚያ የጦር መጋዘን አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ልጅ። ዝገት እየፋቁ ተዋወቁ፣ ናፍጣ እየሸተቱ ተዋደዱ። ኮሎኔሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ የሉም። እናቱ ግን አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ከፍ ሳያደርጉም ቤቱን ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው። ልጁ «እማዬ ታይሽ» ብሎ ምሳ ወሰዳት። እሷም ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳ ሄደች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የኮሎኔሉ ፎቶ ከነሙሉ ማዕረጋቸው። ምግቡ መካከል ላይ እናትየው በጨዋ ደንብ፣ «አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ ለሷ ከፍቅረኛዋ የበለጠ ጣፋጭ ነበር። አባቷ አሥር አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከድንኪቱ ፊት ፊት እየሄዱ ለነጂው በእጅ ምልክት የሰጡ ሰው! ነጂው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ፉርጎዎቹ ከፊቱ ስለተደረደሩ መንገዱን አያይም። ዓይኑ ከሐዲዱ ጎን፣ መሬት ላይ የቆመው ምልክት ሰጪ ነው። ና ሲለው ይመጣል፣ ቀስ ሲለው ይቀንሳል፣ ቁም ሲለው ይቆማል። አባቷ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ፉርጎ ከሌላው ጋር ጓ አድርገው አላጋጩም። ልጅቷ ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት፣ ልጁ ቀደማትና «የሙዚየሙ አማካሪ ናቸው፣ እማዬ» አለ።

አማካሪ!

ውሃ እየቀዳ ነው ያለው፤ እንደ ቀላል ነገር። ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ እሷም ያን የቀላ ጆሮ አየች። ደሟ ፈላ። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አለች፣ ብድግ ብላ ወጣች። መንገዱ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ያልተፈታ የጫማ ክሯን ፈታች፣ አሰረች፣ እንደገና ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ይመጣል ብላ እኮ ነው! ማንም አልመጣም። ያኔ እየሮጠች ሄደች፣ አውቶቡስ ውስጥም ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ «መዶሻውን አቀብለኝ» እና «እንካ» ካልሆነ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። አባቷ ለልጁ መንዳት የሚያስተምሩት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩ አላመለጣቸውም። «ምን ሆናችሁ እናንተ?» ሲሏት፣ «ምንም፣ አባዬ» ትላለች። ምን ትበል? «አባዬ፣ አፈረብህ» ይባላል እንዴ? እሳቸው ልጁን ወደውታል፤ «እጁ ለፍሬን የተፈጠረ» እያሉ ሰፈሩን አሰልችተዋል። ስድቡን ብቻዋን ዋጠችው፤ አሁንም ጉሮሮዋ ላይ ነው።

«ደህና አደርሽ?»

ዘወር ሳትል ድምፁን አወቀችው። ብረቱን መወልወሏን ቀጠለች።

«ደህና።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ስለ ብየዳው ከሆነ ጠይቅ።»

«ስለ ብየዳው አይደለም።»

«እንግዲያው ጊዜ የለኝም።»

ልጁ ግን አልሄደም። ከሥሯ መጥቶ ቆመ። ሲያዩት ከስቷል፤ ይበለው አለች በሆዷ፣ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት።

«ለምን እንደሄድሽ ገብቶኛል» አለ። «ዛሬ አይደለም የገባኝ። ያን ዕለት ማንኪያሽን ስታስቀምጪ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተከተልከኝም?» ጨርቁን ወረወረችው። ስንት ጊዜ ያፈነችው ነገር በአንዴ ዝርግፍ አለ። «ጥጉ ላይ ቆሜ እኮ ነበር! የጫማዬን ክር እየፈታሁ እያሰርኩ! እንደ ጅል! አንዲት ሴት ከቤትህ እንደዚያ ስትወጣ ምግብህን ትጨርሳለህ?»

«አልጨረስኩም። በሩ ላይ ወጥቼ ነበር። መንገዱን ሳይ የለሽም።»

«ጥጉ ድረስ ብትራመድስ? እግርህ ታስሯል?»

ልጁ እንደሚያፍር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባትሽ ያስተማሩኝ ምንድን ነው?» አለ። «ምልክት ሰጪህን ካጣኸው ቁም ነው የሚሉት። አትገምት፣ አትፈልግ፣ ወደ ፊት አንድ ጎማ እንዳታንከባልል። እሱ ራሱ ወጥቶ እስኪታይህ ቁም። ያን ዕለት አጣሁሽ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛ ሆኜ እየነዳሁ ብመጣብሽ የምጨፈልቅሽ መሰለኝ። ስለዚህ ቆምኩ።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ።»

«ፍሬን ይዘህ?»

«ፍሬን ይዤ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ፉርጎ ነኝ እንዴ?»

ሳቋ መጣባት። ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሌላው ሰው ሲወድ አበባ ይዞ በር ያንኳኳል፤ ይሄ ደግሞ የባቡር ሕግ እየጠበቀ ሰው ያስለቅሳል! ጥፋቱ የአባቷ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ አድርገው ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና። ሳቁን ዋጥ ብታደርገውም ንዴቷ እንደ ቅድሙ አልሆን አላት። ግን ዋናው ቁስል ገና ነበር።

«ለምን አልከው?» አለችው። «አማካሪ የሚለውን።»

«እናቴ ዝቅ አድርጋ እንዳታይሽ ፈርቼ።»

«እሳቸው ምንም አላሉም። ዝቅ አድርገህ ያየኸኝ አንተ ነህ።»

ይህች ቃል ልጁን ክው አደረገችው። «ልክ ነሽ» አለ። «ዛሬ አስተካክለዋለሁ። እናቴ እየመጣች ነው። በሰው ሁሉ ፊት…»

«እንዳታደርገው!» ክንዱን ይዛ ነቀነቀችው። «አባዬ እዚያ ነው። ምን ያህል ይወድሃል መሰለህ? አፍረህበት እንደነበር ከሰማ ቅስሙ ይሰበራል። ዛሬ የሱ ቀን ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ ድንኪቱ ፊት ሊቆም ነው። ማልልኝ!»

«እሺ። ማልኩ።»

«ለናትህ ሌላ ቀን፣ ለብቻቸው ትነግራቸዋለህ። ስለ እኔና አንተ ደግሞ ያኔ እናያለን።»

እጇ አሁንም ክንዱ ላይ እንደነበረ ያወቀችው እሱ ጋቢናው ላይ ሊወጣ ሲል ነው። ስታነሳው በረዳት። ናፍቋት እንደነበር ለራሷ እንኳ ማመን አልፈለገችም፤ ግን ናፍቋት ነበር፣ እስኪያማት ድረስ።

ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ወንበሮች በሐዲዱ ትይዩ ተደርድረዋል። ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ልጆቻቸውን የያዙ ቤተሰቦች፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ ጋዜጠኞች። የኮሎኔሉ ባለቤት ከፊት ረድፍ፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከሳቸው ሦስተኛ ወንበር ላይ አሥር አለቃው አሉ። የጥንት ዩኒፎርማቸው ሰፍቷቸዋል፣ ቁልፉ ግን ያበራል። የምልክት መስጫ ባንዲራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ ዓይናቸውን ከድንኪቱ ላይ አልነቀሉም።

ልጁ ሞተሩን አስነሳ። ድንኪቱ አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምጿ መጣ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ቆባቸውን አወለቁ። ልጅቷ መወጣጫው ሥር ቆማ የበየደችው ወለል ሲንቀጠቀጥ በያዘችው ብረት በኩል ተሰማት፤ ኩራት ደረቷን ነፋው።

መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አደረገ። ወጣት ነው፣ ከረባቱ ያንቀዋል።

«ክቡራን እንግዶቻችን! ነጂያችን የሙዚየማችን መሐንዲስ፣ የቀድሞው አዛዥ የኮሎኔሉ ልጅ ናቸው!» ተጨበጨበ። «ምልክት በመስጠት የሚተባበሩን ደግሞ የሙዚየማችን ከፍተኛ አማካሪ ናቸው! በጭብጨባ ወደ ቦታቸው!»

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ቀና ስትል ጋቢናው መስኮት ላይ የልጁ ፊት አመድ መስሏል።

ሰው ያጨበጭባል። አሥር አለቃውም አብረው አጨበጨቡ። እንዲያውም አማካሪው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞረው ተመለከቱ። ማንም አልተነሳም። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ አባባ» አለ መድረክ መሪው።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

አሥር አለቃው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ባንዲራውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«ማነው ከማዕረጌ ያወረደኝ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ማይክሮፎን የማያስፈልገው የሐዲድ ድምፅ አላቸው፤ ግቢው ጸጥ አለ።

«ስማ ልጄ፣ አማካሪ ይናገራል። ሰሚው ካሻው ይሰማዋል፣ ካላሻው ይተወዋል፤ ማታ ሁለቱም ደህና ይተኛሉ። እኔ እጄን ዝቅ ሳደርግ ግን ይህቺ ትቆማለች! ከፊቷ የሚሄደው ፉርጎ ሁሉ ጥይት ነው። ኮሎኔሉ ራሳቸው፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ መኪናቸውን ሐዲዱ ዳር አቁመው የኔን እጅ ይጠብቁ ነበር። ለአማካሪ የቆመ ኮሎኔል እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ ምልክት ሰጪ ነኝ! ማነው አማካሪ ነው ያለህ?»

መድረክ መሪው ላብ በላብ ሆነ። ዓይኑ ወደ ፊት ረድፍ ሄደ። «እመቤት ናቸው ቅድም የነገሩኝ…»

«እኔ ከልጄ ነው የሰማሁት» አሉ የኮሎኔሉ ባለቤት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ጋቢናው ዞረ። ልጁ ግን ማንንም አላየም፤ ያየው እሷን ነው። ምሎላታል፤ መሐላው ፊቱ ላይ ይነበባል። እሷ ካልፈቀደች፣ ሰው ሁሉ ቢጠላው አፉን አይከፍትም። ልጅቷ አባቷን አየች። እንዳይሰበሩ ስትፈራላቸው የከረመችው ሰው መሬት እየረገጡ፣ አንገታቸውን እንደ ወጣት ቀና አድርገው ቆመዋል። እሳቸውን ሳይሆን የራሷን ቁስል ስትሸፍን እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት። ለልጁ ራሷን ነቀነቀችለት።

ወረደ። ሐዲዱን ተሻግሮ አሥር አለቃው ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሥር አለቃ። እናቴ ሥራዎን ስትጠይቅ ምልክት ሰጪ ናቸው ማለት አፍሬ ነው።»

«አፍረህ?»

«አዎ።»

«በኔ?»

«በእርስዎ። አሁን ግን በራሴ ነው የማፍረው።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ አመማቸው፣ አልደበቁትም። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«በል ውጣና መንጃህን ያዝ። ያን ያፈርክበትን እጅ ዛሬ ዓይንህን ሳትነቅል ታየዋለህ። አንዴ ብትጠቅስ አልምርህም!»

ልጁ ዞር ከማለቱ እናቱ ተነሡ።

«ቆይ። እኔም ድርሻ አለኝ። ምን እላለሁ ብለህ ነበር የዋሸኸኝ?»

«እማዬ…»

«ምናልባት ፊቴ ይጠቁር ነበር፣ አልዋሽም። እኔም ሰው ነኝ። ግን ይህቺ ልጅ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ መልሴን ትሰጠኝ ነበር፤ ማንኪያዋን ስታስቀምጥ አይቻታለሁ። እንኳን አባቷን እኔንም ነው ያዋረድከኝ።» ወደ መድረክ መሪው ዞሩ። «አንተም አስተካክለህ ተናገር።»

«ምን ብዬ ልናገር?» አለ ምስኪኑ። «ግራ ገባኝ እኮ!»

ልጅቷ እግሯ እንዴት እንደወሰዳት አታውቅም። ማይክሮፎኑን ከእጁ ተቀበለችው። በሕይወቷ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ያ በብልጭታ የተነቆጠ እጇ ግን ማይክሮፎኑን እንደ መበየጃ ጨበጠው።

«ባቡሯ ድንኪቱ ናት» አለች። ድምጿ ግቢውን ዞሮ ሲመለስ ራሷን አስደነገጣት። «ወለሏን የበየድኩት እኔ ነኝ። ምልክት ሰጪው አሥር አለቃ ናቸው። አባቴ ናቸው! በዘመናቸው አንድ ፉርጎ አላጋጩም።»

ሽማግሌዎቹ ወታደሮች ተነሥተው አጨበጨቡ። አንዱማ በጣቱ አፏጨ። መድረክ መሪው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ነጂውስ?» አላት።

ነጂውስ? ቀና ብላ አየችው። ጋቢናው ላይ ወጥቷል፤ መስኮቱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ንዴቷ ሁሉ አልወጣላትም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያቺን አማካሪ የምትል ቃል ለዓመታት ጊዜ እየመረጠች ልታነሳበት አስባለች። ግን ያን የከሳ ፊቱን፣ ያን የቀላ ጆሮውን ስታይ ልቧ ተንሸራተተ። በእናቱ ፊት፣ በአገሩ ሁሉ ፊት ራሱን ጥሎ አባቷን ያነሳ ወንድ ነው። ሌላ ማንም ስሙን እንዲጠራላት አልፈለገችም።

«ነጂው…» ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «ነጂው የኔ ነው።»

በግቢው ሳቁም ጭብጨባውም እልልታውም ተደበላለቀ። የኮሎኔሉ ባለቤት አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥር አለቃው ወደ ሐዲዱ እያዘገሙ አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል፣ አባዬ!»

«ሰምቻለሁ። ደግመሽ በይው ብዬ ነው።»

ደገመችው። የሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ጮክ ያለ ነበር።

አባቷ ሐዲዱ መሀል ገቡ። ባንዲራቸውን ዘርግተው ክንዳቸውን አነሡ፤ ድንኪቱም ያን ክንድ አይታ ቀስ ብላ፣ እየተጎማለለች ተነሣች። ልጅቷ ግን ስትሄድ በደንብ አላየቻትም፤ እንባ ዓይኗን ሞልቶት ነበር። ካሜራዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። አልሸሸችም፣ እንባዋንም አልጠረገችም። ማን አፍሮ!